የወሩ አስቤዛ ወሩን እንዲዘልቅ ምን ታደርጋላችሁ?

የአራት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቤታችን ውስጥ ስድስት ነን፤ ባለቤቴ፣ እኔና አራት ልጆች። ደመወዝ በገባ ሰሞን ገበታው ሙሉ ነው። ወሩ ሊገባደድ ሲል ግን ጓዳው ይራቆትና ምግባችን ተደጋጋሚ፣ ደግሞም የሳሳ ይሆናል። ሥጋ ከቀነስን ቆየን። ከውጭ ገዝተን የምንበላውም የለም። እንግዲህ የቀረኝ የማበስለውን ማብቃቃት ብቻ ነው።

የሚያስጨንቀኝ መጠኑ ብቻ አይደለም። የበኩር ልጄ ዕድገት ላይ ነው። ሩዝ ወይም ፓስታ ጠግቦ በልቶ ይነሣና ብዙም ሳይቆይ የጓዳውን ቁምሳጥን ከፍቶ ያያል። ምንም አይጠይቀኝም፤ አይቶ መልሶ ይዘጋዋል። ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጥራጥሬ እንዳበዛ ይመክሩኛል፤ ነገር ግን ለመብሰል ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ የቆጠብኩትን እሳቱ መልሶ የሚበላብኝ ይመስለኛል። ሰሞኑን የገዛሁት ቦሎቄማ ግማሽ ቀን ምድጃ ላይ ውሎ እንኳ አልለሰለሰም።

“ቆጥቢ” የሚለውን ምክር በደንብ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ያስተዳደራችሁ ካላችሁ ድስቱ ውስጥ የምታደርጉትን ንገሩኝ።

ባለትልቅ ድስት፦

ልጄ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአዳሪ ተማሪዎች ማብሰያ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። በጀቱ ሁልጊዜ ጠባብ ነበር፤ ተማሪው ደግሞ ሁልጊዜ ርቦት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከልጅሽ እንጀምር።

ሩዝና ፓስታ ብቻቸውን ሲበሉ ቶሎ ይፈጫሉ። ሆድን ይዞ የሚያቆየው ፕሮቲንና ፋይበር ያለው ምግብ ነው። 100 ግራም የበሰለ ሩዝ 3 ግራም የማይሞላ ፕሮቲን ነው ያለው፤ በዚያው መጠን የበሰለ ምስር ግን 9 ግራም ገደማ ይዟል። በዚያው መጠን እንቁላል ደግሞ ወደ 13 ግራም ይጠጋል። ሩዙን አትተዪው፤ ምስር ቀላቅዪበት። ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ምስር ይበቃል። ድፍን ምስር ከሆነ እሱ ይቅደምና ግማሽ በግማሽ ሲበስል ሩዙን ጨምሪበት፤ አብረው ይደርሳሉ። ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ በእህል የሚያንሰው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ሞልቷል፣ በጥራጥሬ የሚያንሰው ሜቲዮኒን ደግሞ በእህል ይገኛል። ልጅሽም ቁምሳጥን ሲከፍት የሚያገኘው ነገር ይኑር። የተቀቀለ ሽምብራ በጨውና በትንሽ ዘይት ለውሰሽ በሳህን አስቀምጪለት፤ ርካሽ ነው፣ ይይዛል።

የሳሳ ምግብ ያልሽው እኔንም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የሳሳ ምግብ ልጅን ያስከፋል። ጥራጥሬው ሲበስል ሁለት ጭልፋ ያህል ወደ ድስቱ ዳር ሰብስቢና በጭልፋው ጀርባ ድስቱ ላይ እየደፈጠጥሽ ፍጪው፤ ከዚያ መልሰሽ አማስዪው። መረቁ ወዲያው ይወፍራል፤ ዱቄትም ክሬምም አያስፈልግም። ጣዕሙን የሚያወጣው ሽንኩርቱ ነው። በቀስታ እሳት፣ ክዳኑን ገጥመሽ፣ ትንሽ ጨው ነስንሰሽበት አቁላዪው። ጨው ውኃውን ስለሚያወጣው በራሱ ውኃ ይበስላል፤ ዘይቱም ይቆጠባል። ውኃው ሲደርቅ ክዳኑን አንሺና እስኪቀላ ጠብቂ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በደንብ የቀላ አንድ ሽንኩርት ጥሬው ካልወጣለት ሦስት ሽንኩርት ይበልጣል። ውድ ቅመም ያጣ ድስት የሚድነው በዚህ ነው፤ እኛም ለተማሪዎቹ ሥጋ ባልነበረበት ቀን ሁሉ የተማመንነው በዚሁ ነበር።

ስለ እሳቱ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታበረቺውም ሙቀቱ ከመፍያው አያልፍም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ስለዚህ እስኪፈላ በኃይለኛ እሳት፣ ከፈላ በኋላ ትንሽ ብቻ እንዲንተከተክ ዝቅ አድርጊው፣ ክዳኑም አይነሣ። ክክ ምስር ሳይዘፈዘፍ 20 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል፤ በሥራ ቀን እሱን አብስዪ። ሩዝና ምስር ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ከፈሉ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ በወፍራም ብርድ ልብስ ብትጠቀልዪው በያዘው ሙቀት ብስለቱን ይጨርሳል። ድስቱ ሙሉ ይሁን፤ ግማሽ የሆነ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቦሎቄና ሽምብራ ለዕረፍት ቀን ናቸው። አብዝተሽ ቀቅዪና ከፋፍለሽ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አስቀምጪ፤ ደርቆ አንድ ብርጭቆ የነበረው ሲበስል ሦስት ብርጭቆ ያህል ይሆንልሻል።

ቦሎቄሽ ያልለሰለሰው ወይ ስላረጀ ነው፣ ወይ ውኃችሁ ካልሲየም የበዛበት ነው፣ ወይ ቲማቲም ቀድሞ ገብቶበታል። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ የጥራጥሬን ቆዳ ያደነድናሉ፤ ከለሰለሰ በኋላ ነው መጨመር ያለባቸው። ጨውን ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል፤ ጨው ባለበት ውኃ ያደረ ቦሎቄ እንዲያውም ቆዳው ሳይፈነዳ በደንብ ይለሰልሳል።

ሒሳብ ሠራተኛ፦

እህቴ፣ ቤታችን ውስጥ አስቤዛ የምገዛው እኔ ነኝ። እማማ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ከድስቱ በፊት ስላለው ልጨምር።

በወሩ መጀመሪያ ሙሉ፣ በመጨረሻው ባዶ ከሆነ፣ ከገንዘቡ ማነስ ሌላ የአከፋፈል ጉዳይም አለበት። ሩዙ፣ ምስሩ፣ ዱቄቱና ዘይቱ ቤት እንደገቡ በሳምንት በሳምንት ይከፈሉ። የመጨረሻው ሳምንት ድርሻ ለብቻው ታስሮ፣ እጅ ቶሎ የማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ዘይት በትልቁ ዕቃ ሲሆን እጅ አይሰስትም፤ በየሳምንቱ ጠርሙስ ሲቀዳ ግን ሁሉም ሰው ልኩን ያያል። ገንዘቡንም እንዲሁ፤ ለአትክልትና ለእንቁላል የሚሆነው ተለይቶ ካልተቀመጠ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው።

በአንድ ነገር ከእማማ እለያለሁ። አብዝቶ መቀቀል የሚያዋጣው ማቀዝቀዣው ለታመነ ቤት ነው። መብራት በሚጠፋበት ወይም ማቀዝቀዣው ባረጀበት ቤት የሚያተርፈው መጣያው ነው። ብክነት ደግሞ የሀብታም ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ የባከነ ሲሆን 60 በመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤቶች ነው። በከፍተኛ ገቢና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ቤቶች መካከል የታየው አማካይ ልዩነት በነፍስ ወከፍ በዓመት 7 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። እኔ አትክልት ሁሉ ረክሷል ብዬ አልገዛም፤ ሳይበላሽ የምንጨርሰውን ያህል ብቻ እገዛለሁ። ጎመን፣ ካሮት፣ ድንችና ሽንኩርት ይቆያሉ። ድንችና ሽንኩርት ግን ለየብቻ፣ ድንቹ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይሁን።

ዋጋ ስታወዳድሪም በሚበላው ልክ አስይው። ሥጋ ከነአጥንቱ ርካሽ መስሎ አጥንቱ ግማሹን ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ አጥንቱን ለመረቅ ካልቀቀልሽው በስተቀር ውዱ እሱ ነው።

የጤና ባለሙያ፦

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ቀይ ቦሎቄ በብርድ ልብስ ጥቅልል እንዳይሞከር። በጥሬው የሚያሳምም መርዛማ ፕሮቲን አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ እየተፍለቀለቀ 30 ደቂቃ መፍላት አለበት። ለዘብ ባለ ሙቀት ብቻ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም፤ ያስመለሳቸውና ተቅማጥ የያዛቸው ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁት ይቀራሉ። በደንብ ከፈላ በኋላ ግን እሳቱን ዝቅ አድርጎ እስኪለሰልስ ማብሰል ይቻላል።

ሁለተኛው የተረፈ ሩዝ ነው። መፍላት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች አሉበት፤ ሩዙ ክፍል ውስጥ ለብ ብሎ ከዋለ ይራባሉ፣ የሚያመነጩትንም መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ ሩዙ በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ቶሎ ይብረድና በአንድ ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በማግሥቱም እንፋሎቱ እስኪወጣ ሞቆ ይበላ። ውጭ ያደረ ሩዝ ቢያሳዝንም ይደፋ። ለልጆች ሲባል እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ምስርና ቅጠላ ቅጠል ለብረት ማዕድንም ጥሩ ናቸው። በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነገር፣ ሎሚ ወይም ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ፣ አብሮ ሲበላ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይወስዳል። ሻይና ቡና ደግሞ ይከለክሉታል፤ ከምግቡ ትንሽ ዘግየት ብለው ይጠጡ።

የአራት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ ሽንኩርቱን እንዳሉት ክዳን ገጥሜ አቁላልቼ፣ ምስሩን በጭልፋ ጀርባ ፈጨሁት። ባለቤቴ ምን ጨመርሽበት ብሎ ጠየቀኝ። ማቀዝቀዣችን ትንሽ ቢሆንም ይሠራል፤ የመጨረሻውን ሳምንት ድርሻም ከፍዬ አስቀምጫለሁ።

ያልበሰለልኝ ቦሎቄ ቀይ ነው፤ ጥሬው ገና ብዙ ቀርቶኛል። ቲማቲም አልጨመርኩበትም፣ ያረጀ ሳይሆን አይቀርም። ልጣለው ይላሉ? ሌላው ደግሞ ካሮትና ጎመን ቶሎ ይጠወልጉብኛል።

ባለትልቅ ድስት፦

ልጄ፣ ደስ አሰኘሽኝ። የጤና ባለሙያዋ ስለ ቀዩ ቦሎቄ የተናገረችውን ከእኔ ቃል በላይ ያዢው።

ቦሎቄውን አትጣዪው። ሌሊቱን ሙሉ በጨው ውኃ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውኃውን ድፊና እጠቢው። ለግማሽ ኪሎው የሻይ ማንኪያ ሩብ ቤኪንግ ሶዳ በማብሰያው ውኃ ላይ ጨምሪ፤ ካበዛሽው ሳሙና ሳሙና ይላል። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ያላት ጎረቤት ካለችሽ ተዋሺ፤ እዚያ ውስጥ ሙቀቱ ወደ 120 ዲግሪ ስለሚደርስ ብዙ ያረጀ እህል ይረታል። ለአዲስ ቦሎቄ ከሚበቃው ጊዜ እጥፍ ስጪው። በእሱም ቆዳው ካስቸገረ በደንብ እስከበሰለ ድረስ ደፍጥጠሽ በወንፊት አጥልዪና ሾርባ አድርጊው። ከአዲስ ቦሎቄ ጋር ግን አትቀላቅዪው፤ አዲሱ ሲፈርስ አሮጌው ገና ጥሬ ይሆናል።

ካሮትና ጎመን ሲጠወልጉ ውኃ አጥተው ነው። የካሮቱን ጫፍ፣ የጎመኑንም አገዳ ትንሽ ቆረጥ አድርገሽ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆዪአቸው፤ መልሰው ቀጥ ይላሉ። ከሻገተው ወይም ካተላው ጋር እንዳታምታቺው፣ እሱ አይድንም። ሲገዛ ካሮቱ ቅጠሉ ካለበት ወዲያው ቁረጪለት፤ ቅጠሉ ከሥሩ ውኃ እየሳበ ያደርቀዋል። ጎመኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ማቀዝቀዣው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አድርጊው።

ከእንግዲህ ቦሎቄ ስትገዢ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥበት ቦታ ይሁን። ከመመዘኑ በፊት አንድ እፍኝ አንሺና ብርሃን ላይ እዪው፤ የደበዘዘ፣ የተጨማደደ ወይም የተሰነጠቀ ከበዛበት ሌላ ጆንያ ይከፈትልኝ በዪ።