በፍልሰታ ጆርጅ ታውን ውስጥ ምን ይበላል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ስዊድን ነው። በነሐሴ ቦርሳዬን አዝዬ ማሌዥያ ልሄድ አስቤአለሁ። በተለይ በፔናንግ ደሴት ላይ ያለችውን ጆርጅ ታውንን ማየት እፈልጋለሁ፤ የሄደ ሰው ሁሉ የምግቧን ነገር አውርቶ አይጠግብም። ግን ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ጾሜን መግደፍ አልፈልግም። አካባቢውን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ አትስጊ። ኩዋላ ላምፑር ስማር ጆርጅ ታውን ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ አንዱን ፍልሰታ እዚያው ነው የጾምኩት። ከኩዋላ ላምፑር በባቡር ከደሴቷ ፊት ለፊት እስካለችው በተርወርዝ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከዚያ በጀልባ ትሻገሪያለሽ። ከወደቡ አሮጌው ከተማ በእግር ይደረሳል።

አውሮፓ ውስጥ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም» ስትዪ የሚከተለውን የጥያቄ ብዛት ታውቂዋለሽ። በጆርጅ ታውን ግን ብርቅ የሚሆነው የማይበላው ነገር የሌለው ሰው ነው። ሙስሊሙ የአሳማ ሥጋ አይነካም፤ ሂንዱው የከብት ሥጋ አይበላም፤ ከቻይናውያኑ ብዙዎቹ በጨረቃ አቆጣጠር የወሩን 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ተከልክለው ይውላሉ፣ ልክ እንደ እኛ ረቡዕና ዓርብ። በ1818 የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የቻይናውያኑ የኳን ዪን ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱዎቹ ማሃማሪያማንና የካፒታን ከሊንግ መስጊድ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ሻጩ «ይህን አልበላም» ስትዪው ምክንያትሽን አይጠይቅም፤ ወደ ሌላው ድስት ያሳይሻል።

መጀመሪያ ትንሿ ህንድ ወደሚባለው ሰፈር ሂጂና ቶሳይ ብዪ። ከሩዝና ከጥራጥሬ የተፈጨው ሊጥ አድሮ ይቦካል። ጋጋሪው በጋለ የብረት ምጣድ መሃል ያፈስና በጭልፋው ጀርባ እያዞረ ወደ ዳር ያሰፋዋል። እናቶቻችን ከዳር ጀምረው ወደ መሃል ነው የሚያዞሩት፤ ሽታው ግን ያው የቡኮ ሽታ ነው። መጀመሪያ ቀን እዚያ ቆሜ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከምስር ወጥና ከኮኮናት ማባያ ጋር በቀኝ እጅሽ ትበያለሽ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ብቻ ህንዶቹ «ሥጋ የሌለው» ሲሉ ወተትና ቅቤን አያወጡም፤ ቅቤው «ነይ» ይባላል፣ ሳይቀባ በፊት ተናገሪ። እርጎም በማባያው ውስጥ እንዳይኖር ጠይቂ።

እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። አንድ ምሽት ጎዳና ዳር «ሳዩር ሳጃ»፣ አትክልት ብቻ፣ ብዬ አዘዝኩ። ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል መጣልኝ። ሁለት ጉርሻ ከዋጥኩ በኋላ ነው ሽታው የደረሰኝ፤ በላቻን፣ ከትንንሽ የባሕር ሽሪምፕ ተቦክቶ የሚሠራ ቅመም ነው። ሰውየው አልዋሸኝም፣ ለእሱ አትክልት ነው። ስለዚህ «ታንፓ በላቻን»፣ ያለ በላቻን፣ ማለትን ልመጂ። አሳም ላክሳ የሚባለው ዝነኛ የኑድል ሾርባም መረቁ ከዓሣ ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

ከሁሉ የሚያስተማምነው የቻይና ቡድሂስቶች ምግብ ቤት ነው። ጥብቅ የሆኑት ነጭና ቀይ ሽንኩርትን እንኳ ከምግባቸው ያወጣሉ። ሽንኩርት የሌለው ወጥ ለእኛ አፍ እንግዳ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ግን የዝንጅብሉን ጣዕም ለይቼ ማወቅ ጀመርኩ። ከአኩሪ አተር የተሠራ ሥጋ መሳይ ነገርም ይደረደራል። ሕጉን አይጥስም ይሆናል፣ እኔ ግን በፍልሰታ ልቤ አልፈቀደውም።

ሻይ ስታዢ «ቴ ኦ» በዪ፤ ያለ ወተት ማለት ነው። ሙቀቱ ሲበረታብሽ ቸንዶል ፈልጊ፦ የተፈጨ በረዶ፣ የኮኮናት ወተት፣ የዘንባባ ስኳር። ሱቁ ቀይ ቦሎቄ ይጨምርበታል፣ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ምግቡ አያልቅም?

መልስ፦

በሙዝ ቅጠል ላይ የሚቀርበው ሩዝ የምሳ ምግብ ስለሆነ እኔ ዘግይቼ ስደርስ ብዙ ጊዜ ሳህኑ ተራቁቶ ነው ያገኘሁት። ቶሳይ ግን አመሻሽ ላይም ይጋገራል። በጠዋት ከመንገደኛው ጋር ሩጫ ውስጥ አትግቢ፤ ሙቀቱ ሳይጠና መቅደሶቹንና በባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙትን የቻይናውያን መንደሮች እዪ፣ ቀትር ላይ ጥላ ፈልገሽ እረፊ፣ ከዘጠኝ በኋላ ሂጂና ምጣዱ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዢ።