ጥቆማ፦ ሥዕል የምትወድ ልጅ ይዤ በክረምት የት ልሂድ? (ከደብረ ብርሃን)

የሠዓሊዋ እናት፦
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ጥቆማ ፈልጌ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ደብተሯን ጨርሳ አሁን ግድግዳው ላይ ደርሳለች። ትምህርት ሊዘጋ ነው። ለልጆች የሥዕል ፕሮግራም ያለው ሙዚየም፣ ካልሆነም ዐውደ ርዕይ የሚያሳይ ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስም ይቻላል። ሌላው ደግሞ፣ የቱን ቀለም ልግዛላት? ውሃ ቀለም ወይስ አክሪሊክ? አመሰግናለሁ።

ብርድ የለመደ፦
እዚሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውሰጃት። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ስታይ አፏን ከፍታ ነው የምትቀረው።

የጠባሴ ልጅ፦
ወንድሜ፣ መላእክቱ ያሉት ጎንደር ነው። ያኛው ሥላሴ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ነው። የኛው የዘርዓ ያዕቆብ ነው፣ ብርሃን ወረደ የተባለበት። ልጅቷን ይዛ ሄዳ ጣሪያ ጣሪያ ስታይ አንገቷ ቢቀጭ ማን ሊያሳክማት ነው?

ብርድ የለመደ፦
ስም ተመሳሰለብኝ፣ በቃ። ደግሞ የኛም ሥላሴ ሥዕል አያጣም።

ሙቀቱ ይሻላል፦
ሸዋ ሮቢት ላኪያት። ክረምቱን ያለ ጋቢ ታሳልፋለች።

የጠባሴ ልጅ፦
ስለ ሥዕል ነው የተጠየቀው 😂

የአንኮበር ልጅ፦
እኔ አንኮበር እላለሁ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ኮረብታው ላይ ወጥታችሁ የነሣህለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት ቦታ ታያላችሁ። ምኒልክም እንጦጦ ሳይወጡ በፊት መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ሙዚየም ነው እያልኩ አይደለም፣ ቦታው ነው የሚገርመው። ጠዋት ከሄዳችሁ ደመናው ከእግራችሁ በታች ይሆናል። ልጅቷ ወረቀትና እርሳስ ትያዝ፣ ሌላ ምንም አያስፈልጋትም።

ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ነው የተወለደው፣ በጥቅምት 1925 ዓ.ም.። በ15 ዓመቱ እንግሊዝ አገር የማዕድን ምህንድስና ይማር ተብሎ ተላከ። እሱ ግን ወደ ሥዕል ዞረ። የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት የእሱ ሥራ ነው፣ 150 ካሬ ሜትር። ይህን ለልጅቷ አባት ንገሪልኝ። አባቶች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ልባቸው ትንሽ ይራራል።

የሠዓሊዋ እናት፦
አባቷ ምህንድስና ትማር ነው የሚለው፣ በምን አወቅህ? 😅

ባለ ሁለት ልጅ፦
እህቴ፣ የትም ውሰጃት፣ ግን "የክረምት የሥዕል ሥልጠና" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ተጠንቀቂ። አምና ሁለቱንም ልጆቼን አስመዘገብኩ። ስሙን አልጠራም። የመመዝገቢያ፣ የቀለም፣ የሸራ ብለው ለየብቻ አስከፈሉኝ። ሸራው ግን አልመጣም። ሁለት ወር ሙሉ ልጆቹ የካርቱን ምስል ከስልክ እያዩ ሲገለብጡ ከረሙ። መጨረሻ ላይ "ዐውደ ርዕይ አለ፣ ቤተሰብ ይምጣ" አሉን። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ዐውደ ርዕይ ያሉት አራት ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎ ነው። አንዱ የልጄ ነው፣ ስሙ ግን የሌላ ልጅ! ልጄ እያለቀሰ ወጣ። እስካሁን እርሳስ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

የመናኸሪያው፦
የት ነው? ስሙን አውጪው እንጂ!

ባለ ሁለት ልጅ፦
አልጠራም አልኩ። ሰው እንጀራው ነው።

እናት ናት፦
በኢንቦክስ ላኪልኝ።

የመናኸሪያው፦
ለኔም።

ሦስት ልጅ አለኝ፦
ለኔም። የኔን እዚያ ይሆናል ያስመዘገብኩት ብዬ ሆዴን ቆረጠኝ።

የጠባሴ ልጅ፦
የኔም ልጅ ሰርተፍኬት አለው። "በቀጥታ መስመር የላቀ ውጤት" ይላል። ማስመሪያ ተጠቅሞ ነው 🙄 አሁን ዩኒቨርሲቲው ይቀበለው እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ባለ ሁለት ልጅ፦
አንተ ቀልድ፣ እኔ ብሬ ነው የሄደው።

እማማ ሱቅ ወዳጅ፦
ስለ ቀለም ነው እኔ። ከገበያው አጠገብ ካለችው የእማማ ሱቅ ውጪ አትግዢ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሷ ነው የምገዛው።

የመናኸሪያው፦
ባለፈው ከእሷ የገዛሁት ቀለም ቱቦው ውስጥ ደርቆ ነበር። ብጫነው ብጫነው አልወጣ አለ።

እማማ ሱቅ ወዳጅ፦
ክዳኑን ሳትዘጋ ትተኸው ይሆናል። የእማማ ቀለም አይደርቅም።

የመናኸሪያው፦
ከሱቅ ይዤው እንደወጣሁ ነው የምልህ!

እማማ ሱቅ ወዳጅ፦
እንደሱ ከሆነ ፀሐይ መቶት ነው። እሷ ሰው አታታልልም።

አንድ የሥዕል መምህር፦
እኅቴ፣ ጥያቄሽ ጠፍቶ ቀረ። ለሁለቱም ልመልስ።

መጀመሪያ ቀለም። ለ11 ዓመት ልጅ ውሃ ቀለም ይበቃል። ግን ከቀለሙ በላይ ወረቀቱን አስቢበት። የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፣ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ልጁ "እኔ አልችልም" ይላል፣ ያልቻለው ግን ወረቀቱ ነው። 300 ግራም የሚባለውን ወፍራም ወረቀት ፈልጊ። ብዙ አትግዢ፣ እያንዳንዱን ከአራት ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፣ ብሩሹ ላይ ከደረቀ ግን ብሩሹ አለቀ ማለት ነው። ዘይት ቀለም አሁን አትግዢ። ዘይቱ አየር እየሳበ ነው የሚደርቀው፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ እጅግ ይዘገያል። የተማሪዎቼን ሥዕል ሳምንት ሙሉ ሰው እንዳይነካው ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

ሙዚየም ደግሞ፣ አዲስ አበባ በአንድ ቀን ይሆናል። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማልዳችሁ ውጡ። ላምበረት መናኸሪያ ስትወርዱ ታክሲ ይዛችሁ ወደ 6 ኪሎ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ድሮ የንጉሡ ቤተ መንግሥት በነበረው ቤት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን እዚያ ታያለች። የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም የዩኒቨርሲቲው ነው፣ እዚያው አካባቢ ነው። ወደ 5 ኪሎ ሰፈር በእግራችሁ ብትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ድንቅነሽም ሥዕልም። ሦስቱን በአንድ ቀን አትጫኚባት። ልጅ ሁለተኛው ላይ ነው የሚሰለቸው፣ ሁለቱን ምረጪ።

ልጅሽ መሬት መንካት የምትወድ ከሆነ ደግሞ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ይሻላታል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ናቸው የመሠረቱት። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በድሮው አሠራር። ግቢው አትክልት ነው። ልጆች ዝም በሉ የሚል የለም።

የአፍሪካ አዳራሽም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ተከፍቷል። የአንኮበሩ ልጅ ያለውን መስታወት ማየት ከፈለጋችሁ ሰው ሳትጠይቁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ።

ለልጆች የሚኖረውን የክረምት ፕሮግራም ግን እያንዳንዱን ቦታ ደውለሽ ጠይቂ። ሰው የሚነግርሽ የአምናውን ነው።

ባለ ሁለት ልጅ፦
ጎሽ መምህር። አምና የት ነበርክ?

አንድ የሥዕል መምህር፦
እዚሁ ነበርኩ፣ ሰርተፍኬት ስለማልሰጥ ሰው አይመጣም።

የአንኮበር ልጅ፦
ግንቦት 10 ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ነው። ለከርሞ ያዙት።

የመንዝ ሰው፦
ሁላችሁም ሩቅ ሩቅ ትሉታላችሁ። የመንዝ ዝተትስ ሥዕል አይደለም? ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቡናማው የበጉ ፀጉር ነው፣ ቀለም አይነካውም። አያቴ ያለ እርሳስ ነበር ንድፉን የምታወጣው። ልጅቷ አንድ ቀን ሸማኔ አጠገብ ትቀመጥ። ይኸው፣ በነጻ ጠቆምኩ።

ብርድ የለመደ፦
ዝተት የት ይሸጣል? ለቤት ፈልጌ ነበር።

የመንዝ ሰው፦
የምትፈልገው ባና ነው ወይስ ዝተት? ባና የሚለበስ ነው፣ ዝተት የሚነጠፍ።

ብርድ የለመደ፦
ሁለቱም። ብርዱን ታውቀዋለህ።

እማማ ሱቅ ወዳጅ፦
እማማ ባናም አላት።

የሠዓሊዋ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ መምህሩን። ለልጄ ሁሉንም አነበብኩላት። "ጎንደር ያሉት መላእክት ፊታቸው ወደ የት ነው የሚያየው?" ብላ ጠየቀችኝ። የሚያውቅ አለ?

የጠባሴ ልጅ፦
ወደ ታች፣ አንቺን ነው የሚያዩሽ በያት።

እናት ናት፦
እኅቴ መጨረሻ ላይ የት ሄዳችሁ? እኔም ልጄን ልወስድ ነው።

እናት ናት፦
?

ሙቀቱ ይሻላል፦
ሸዋ ሮቢት ሄደው ይሆናል።