በኢንተርኔት የተማርኩት ራይቲንግ ክሬዲት አይያዝልኝም?

የቦርከናው፦
ሰላም ጎበዝ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ በማታ ዲግሪ እማራለሁ። አምና ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ድረ ገጽ የእንግሊዝኛ ራይቲንግ (የድርሰት አጻጻፍ) ኮርስ ጨርሻለሁ። አራት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱን ሁለቴ። መብራት ሲጠፋ በስልኬ። ሰርተፊኬቱን አሳትሜ ሬጅስትራር ወሰድኩት። ልጅቷ አገላብጣ አየችውና «ማህተሙ የታለ?» አለችኝ። አሁን ያንኑ ኮርስ ከፍዬ ድጋሚ ልማር ነው። ደግ ነው ይሄ?

ጦሳ ስር፦
አብሽር ወንድሜ። የአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤዴክስ ከሚባለው፣ እንደ ኮርሴራ ካለ ድረ ገጽ ጋር ሆኖ የአንደኛ ዓመት ኮርሶችን ለሁሉም ከፍቶ ነበር። ለክሬዲቱ የሚከፈለው ካለፉ በኋላ ነበር። ሲፈልጉ ይቻላል።

ጠመኔ፦
ደሴ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሒሳብ ቢሆን አልከራከርህም፣ መልሱን ኮምፒውተር ያርመዋል። ድርሰት ግን አንባቢ ይፈልጋል። ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 በኮርሴራ የድርሰት ኮርስ ሲከፍት ከ80,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ማን ያንብበው? ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተራረሙ። ያንተንስ ማን አረመው?

የቦርከናው፦
ሦስት ሰዎች፣ መምህር። ሁለቱ «ጉድ ጆብ» ብለው አለፉ። አንዷ ግን፣ የት አገር እንዳለች እንኳ አላውቅም፣ «ሦስተኛው አንቀጽህ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለማስተካከል ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። እርስዎ ክፍል ስንት ተማሪ አለ?

ጠመኔ፦
ነካኸኝ። 64። ወረቀቱን ተሸክሜ ቤት እገባለሁ፤ ከሠላሳኛው በኋላ ዐይኔ የሚያየው ስፔሊንግ ብቻ ነው። ያንተ ሦስተኛ አንቀጽ ቢደርሰኝ ሳላየው ላልፈው እችል ነበር። እሺ፣ በዚህ ረታኸኝ። ግን ሰርተፊኬቱ የጻፍከው አንተ መሆንህን አይነግረኝም። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህማ ክፍሌ ያሉትንም አላምንም፣ ፊቴ ካልጻፉ በቀር። አንተም ፊታችን ተቀመጥና አንድ ሰዓት ጻፍ። ከጻፍክ፣ የትም ተማረው፣ እኔ ክሬዲቱን ይሰጠው ባይ ነኝ። ሬጅስትራሩን ተወውና ለዲፓርትመንትህ አመልክት፤ ተፈትኜ ኮርሱ ይያዝልኝ በል። የመጀመሪያ ረቂቆችህንና የሴትዮዋን አስተያየት አያይዝ። ከሰርተፊኬቱ እነሱ ይሻላሉ።

የቦርከናው፦
ረቂቆቹ ስልኬ ላይ አሉ፣ ነገ አሳትማቸዋለሁ። ማመልከቻውን ግን በአማርኛ ልጻፈው ወይስ በእንግሊዝኛ?