የሜንዝ ሰርግ ከጥር ወደ ግንቦት ቢዛወር ምን ይጎድላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ2019 ሜንዝ ገጠር የሚደገስ ሰርግ አለ። ሙሽሮቹ አዲስ አበባ ስለሚሠሩ የሚመቻቸው ግንቦት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከጥር ውጪ አንሰማም ብለዋል። ግንቦት ጾም የለበት፣ ምን ያስቸግራል? ካልሆነስ ከጥር እስከ መቼ መግፋት ይቻላል?

ባሕረ ሐሳብ፦
በጾም በኩል ግንቦት ንጹሕ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ሰኔ 13 ድረስ፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም።
ወደ ጥር ስንመጣ፣ ነነዌ ከጥር 17 በፊት አትገባም፣ ከየካቲት 21ም አታልፍም። ሁዳዴ ደግሞ ከእሷ በሁለተኛው ሳምንት ይከተላል። በ2019 ነነዌ የካቲት 15፣ ሁዳዴ የካቲት 29 ሰኞ ይገባሉ። የካቲት 28 እሑድ ቢሆንም አትደግሱበት፤ መልሱ ጾም ውስጥ ይወድቃል። የመጨረሻው እሑድ የካቲት 21 ነው።

የበልግ ገበሬ፦
ከላይ የተባለው ለካህን ልክ ነው፣ ለገበሬ ግን አይሆንም። የሜንዝ ከፍተኛው ደጋ በልግ አብቃይ ነው። ገብሱ የካቲትና መጋቢት ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ይታጨዳል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ጎተራው ተሟጥጦ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፤ ለድግስ ገብስ ከገበያ መሸመት ሊኖርባችሁ ነው። የመኸሩን እህል አትቁጠሩበት። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ በተለይ ረባዳው ላይ፣ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ስለሚተኛበት።
የካቲት 21ም ቢሆን አይመከርም። ዝናብ ጣል ካደረገ በሬውን ፈትቶ ሰርግ የሚመጣ የለም። ጥር 23 ወይም 30 አድርጉት፣ ሁለቱም እሑድ ናቸው። ያኔ ውቂያው አልቋል፣ ለእንግዳ በቅሎ ጭድ አለ፣ ሰዉም ሥራ ፈት ነው።

ጠማቂ፦
ጥር ከሆነ ጠላውን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ቆላ በሳምንት የሚደርሰው ደጋ ላይ ሁለት ሳምንትም ሊያልፍ ይችላል። ጌሾ እዚያ ብርድ ስለማይበቅል ከወይና ደጋ ገበያ አስመጡ። ለብቅል ገብሱን አንድ ሌሊት ነክራችሁ፣ በቅጠል ሸፍናችሁ፣ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ጠብቁ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። የጥር ፀሐይ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ክረምት ላይ ይሻግትባችኋል።
ጠላ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ ነው። ቀኑ ደረሰ ተብሎ ድፍድፉ ሳይፈላ ውኃ ይጨመርበትና ጠላው ውኃ ውኃ የሚል፣ ሆድ የሚነፋ ይሆናል። ጋኑን ወደ ምድጃው ጠጋ አድርጋችሁ ዙሪያውን ጭድ ጠቅጥቁበት። አረፋው ጋብ ብሎ አተላው ሲቀመጥ ብቻ አቅጥኑ።
የሚያድር እንግዳ ካለ ባና እና ዝተት (ከበግ ፀጉር የሚሠሩ ወፍራም የሌሊት ልብሶች) ከጎረቤት ከወዲሁ ተዋሱ። የከተማ ብርድ ልብስ የዚያን አገር የጥር ሌሊት አይችልም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥር 30ን ለሽማግሌዎቹ አቀርባለሁ። ዳሱን ስንት ቀን ቀደም ብሎ መጣል ይበቃል?

የበልግ ገበሬ፦
ሁለት ቀን። ቀደም ብሎ ከተጣለ የሌሊቱ ነፋስ ሸራውን ይገነጥለዋል።