«ውሃ በቀለም»፦ ሻይን ለማወቅ ውሽውሽ ድረስ መሄድ ግድ ነው ወይ?

የጦሳ ልጅ፦
ትናንት ማታ መንገደኛው በከፋ፣ ቦንጋ አጠገብ ካለው የውሽውሽ የሻይ እርሻ መልስ የለጠፋቸውን ፎቶዎች ሁላችንም አይተን ማሻ አላህ ብለናል። ከፎቶዎቹ ሥር ያሰፈረውን ቃል ግን እንዲህ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። «የሚበቅልበትን አገር ሳይረግጥ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሻይ ጠጣ አይባልም፤ ውሃ በቀለም ጠጣ እንጂ» ይላል። ይህንንም መነሻ አድርጎ የማኅበራችን ተቀማጭ ገንዘብ በጥር ወር ለ20 ሰው ወደ ውሽውሽና ጉማሮ የሻይ እርሻዎች ጉዞ እንዲውል ሐሳብ አቅርቧል። የገንዘቡን ነገር ስብሰባው ይየው። እኔ የምጠይቀው፣ በደሴ ብርድ ከልጅነታችን ጀምሮ እጃችንን ያሞቅንበት ብርጭቆ ውስጥ የነበረው ውሃ በቀለም ነው ወይ ብዬ ነው።

መንገደኛው፦
ወንድሜ፣ ማንንም ለመስደብ አልጻፍኩትም። ውሽውሽ የደረስኩት ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከኮረብታው ሳይነሣ ነበር። ቁጥቋጦው እስከ ወገብ ድረስ ተከርክሞ፣ ከላይ ሲያዩት እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ካልተከረከመ ዛፍ እንደሚሆን የሰማሁት እዚያው ነው። አንዲት ለቃሚ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ቀጥፋ እጄ ላይ አኖረችልኝ። አሽቼ አሸተትኩት፤ የሣር እንጂ የሻይ ሽታ የለውም። ከ30 ዓመት በላይ የጠጣሁትን ነገር ፈጽሞ እንደማላውቀው ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያም በፋብሪካው ውስጥ ቅጠሉ ሲጠወልግ፣ በማሽን ተዳምጦና ተቆራርጦ አየር ሲመታው፣ አረንጓዴው ወደ መዳብ ቀለም ሲዞርና ያ የምናውቀው ሽታ ከየት መጣ ሳይባል ቤቱን ሲሞላው በዓይኔ አየሁ። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከ4 ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል መለቀም አለበት። ይህን ካየሁ በኋላ ብርጭቆ ስይዝ የምይዘው ሌላ ነገር ሆነብኝ። ያልኩት ይህንን ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ክርክሬን አንተው ራስህ ጨረስክልኝ። ቅጠሉ በበቀለበት ቦታ የሻይ ሽታ ከሌለው «የሚበቅልበትን አገር» መርገጥ ስለ ጣዕሙ ምን ያስተምራል? ሰው ቅጠሉን የሚያደርቀው ከአገሩ እንዲወጣ፣ በጭነት መኪና ሐርቡን አልፎ ደሴ እንዲደርስ ነው። ሻይ ከሩቅ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፤ እዚያው ከቁጥቋጦው ሥር ተቀምጠን እንድንጠጣው ቢፈለግ ኖሮ ማድረቁ ለምን አስፈለገ? «ውሃ በቀለም» ማለት እንግዲህ ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ማድረግ ነው።

ባለ ሻይ ቤቷ፦
መንገደኛው ልጄ፣ ፎቶህን ወድጄዋለሁ። «ውሃ በቀለም» የሚለውን ግን ለእኔ ለ19 ዓመት ሻይ አፍልታ ልጆች ላሳደገች ሴት ባትናገረው ደግ ነበር። ውሃ በቀለም የሚሸጥ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ የትናንቱን ቅጠል ለሦስተኛ ጊዜ የሚያፈላው ነው። እኔ ጆንያው ሲፈታ አንድ ቁንጥር በመዳፌ አሽቼ የከረመውን ከአዲሱ እለያለሁ። ቶሎ ቀለም ሰጥቶ ወዲያው የሚሞት አለ፤ ቅርንፉድና ቀረፋ ሲጨመርበት የሚሸነፍ አለ፤ ከቅርንፉዱም በላይ ራሱን የሚያሰማ አለ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከምድጃው ፊት ቆሜ ነው። ውሽውሽን በካርታ ላይ አሳዩኝ ብባል እንኳ አላሳይም።

መምህር ዘኮምቦልቻ፦
የእትዬን ነገር ሳይንሱም ይደግፈዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የቅጠሉ ጣዕም እንደ ቆላው ቶሎ አይወጣም፣ ረዘም ላለ ጊዜ መንተክተክ ይፈልጋል። ይህንን ውሽውሽ ያለ ሰው ሊነግረን አይችልም፤ የደሴ ጀበና ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሆኖም የጦሳ ልጅ ከልክ በላይ እንዳይደሰት አንድ ታሪክ ላስታውስ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ ቻይናን ሳያይ በ1762 እ.ኤ.አ. አረንጓዴ ሻይና ጥቁር ሻይ የሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው ብሎ ለየብቻ ስም አወጣላቸው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል፤ ቀለማቸውም ጣዕማቸውም ይለያያልና። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ሮበርት ፎርቹን በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ቻይና ገብቶ እርሻውን በእግሩ ሲያዳርስ ነው ሁለቱም ከአንድ ተክል እንደሚወጡና ልዩነቱ ከአዘገጃጀቱ እንደሆነ ለአውሮፓውያን ያረጋገጠው። እንግዲህ ሊኔየስ ከሩቅ ተሳሳተ፣ ፎርቹን ሄዶ አቀና።

የጦሳ ልጅ፦
መምህር፣ ታሪኩን እኩሌታው ላይ አቆሙት። ያው ፎርቹን በ1848 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ልኮት ተመልሶ ሄደ፤ እንደ ቻይናዊ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶና ሹሩባ ቀጥሎ ችግኙንና ዘሩን ወደ ሕንድ አሸሸ። የእርሻ ጎብኚ ብለው ያመሰገኑልን ሰው ሌባ ነበር። ደግሞም አንድ ሰው ሄዶ ካረጋገጠው በኋላ እኔ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አውቀዋለሁ፤ እርስዎም ያወቁት ቻይና፣ ፉጂያን ሄደው አይደለም።

መምህር ዘኮምቦልቻ፦
ሌብነቱን አልካድኩም። ያልኩት፣ መጀመሪያ አንድ ሰው መሄድ ነበረበት ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አንድ ሰው መሄዱን እኔም አልተቃወምኩም። መንገደኛው ሄዷል፤ በቂ ነው። ሃያ ሰው ለምን?

የሐይቅ ዳር ሰው፦
ያ ጀማዓ፣ የወሎ ልጆች ሆነን ይህን ማለታችን ያሳፍራል። ሰው ከዓለም ዳርቻ ወደ ላሊበላ የሚመጣው በፎቶ ስላላየው ነው? ቤተ ጊዮርጊስን በመጽሐፍ ሽፋን ያላየ የለም፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ለቱሪስት «መጥተህ እይ፣ በፎቶ አይሆንም» ስንል ኖረን፣ የእኛ ተራ ሲደርስ «እኛ ከደሴ ሆነን ሁሉን እናውቃለን» ማለት ግብዝነት ነው። የሕንዷን ዳርጂሊንግ ተመልከቱ፤ በ1881 እ.ኤ.አ. የተከፈተችው ትንሿ የተራራ ባቡር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ሰው እሷን ለመሳፈርና እርሻውን ለማየት ይጎርፋል። የሻዩ ስም ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. በሕግ እንዲጠበቅ የተደረገው ሌላውን ቅጠል በዳርጂሊንግ ስም የሚሸጥ ስለበዛ ነው። ከሩቅ የሚጠጣ ሰው እንዲህ ነው የሚታለለው።

የጦሳ ልጅ፦
ላሊበላ ዓለት ነው፤ ተነሥቶ ወደ ማንም አይሄድም፣ ስለዚህ ወደ እርሱ ይኬዳል። ሻይ በ100 ግራም ታሽጎ ሱቅ ድረስ ይመጣልሃል። ሁለቱን ማነጻጸር ከሐይቅ የወጣውን ዓሣና ሐይቁን ራሱን አንድ ማድረግ ነው፤ ይህን ደግሞ አንተ ከሁላችን በላይ ታውቃለህ።

መታለሉንም አንሥተሃልና ልመልስ። በኬንያዋ ሞምባሳ የሻይ ጨረታ የምሥራቅ አፍሪካን ሻይ ዋጋ የሚቆርጡት ቀማሾች የየእርሻውን ናሙና በተርታ አስቀምጠው በማንኪያ ስበው ይቀምሱና መልሰው ይተፉታል፤ ከኬንያው ኬሪቾ ይሁን ከሌላ ቦታ፣ በደንብ የደረቀ ይሁን የተቃጠለ፣ ከምላሳቸው ያውቃሉ። በየእርሻው ሲዞሩ አይውሉም። በመንገደኛው ሕግ እነዚህም ውሃ በቀለም ቀማሾች ናቸው ማለት ነው፤ እነሱስ ጭራሽ አይውጡትም።

መንገደኛው፦
«ውሃ በቀለም» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ልትመነዝሩት ነው? ምሳሌያዊ አነጋገር ነበር።

ባለ ሻይ ቤቷ፦
ምሳሌው በእኔ ብርጭቆ ላይ ነው የወደቀው፣ ልጄ።

የባቲ ሰኞ፦
እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ከፎቶዎቹ መካከል አራተኛውን ድጋሚ አየሁት። ቅርጫት በጀርባዋ ያዘለችው ሴት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍናለች፤ ከፊቷ መንገደኛው አውራ ጣቱን አንሥቶ ይስቃል። ጠይቃችኋት ነበር ወይ? በቀን ስንት ኪሎ እንደምትለቅም፣ በኪሎ ምን እንደሚታሰብላት፣ ጫማዋ ለምን ላስቲክ እንደሆነ የሚያወራ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክም። ሄዶ ማየት ማለት ይህ ከሆነ ከሩቅ መጠጣት ይሻላል፤ ከሩቅ የሚጠጣ ሰው ቢያንስ አያስደነግጣትም።

መንገደኛው፦
ይህ ከባድ ቃል ነው፤ እቀበለዋለሁም አልቀበለውምም። አስጎብኚው በረድፉ መካከል ያቆመን ለሩብ ሰዓት ብቻ ነበር፤ አንድ ሁለት ጥያቄ ብጠይቅም አለቃው አጠገባችን ስለቆመ መልሱ አጭር ሆነ። እውነት ነው፣ ፈቃዷን አልጠየቅኩም፤ ፎቶውን ዛሬ አጠፋዋለሁ። ነገር ግን አንተ ራስህ ስለ ኪሎዋና ስለ ጫማዋ እንድትጠይቅ ያደረገህ የእኔ ፎቶ መሆኑን አትርሳ። እኔ ባልሄድ ኖሮ አንተ እሷን በምን ታስታውሳት ነበር? ስኳር ስታማስል?

የባቲ ሰኞ፦
ስኳር የማልጨምር መሆኔን ለመዝገቡ ያህል አስታውቃለሁ።

የሐይቅ ዳር ሰው፦
መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ኮምቦልቻ ከፍታዋ ከውሽውሽ ጋር ያን ያህል አይራራቅም፤ ሁለቱም 1,900 ሜትር አካባቢ ናቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ከምንጓዝ እዚሁ ቦርከና ዳር ለምን አንተክልም?

መምህር ዘኮምቦልቻ፦
ከፍታው ብቻውን አይበቃም። ሻይ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ እንዲዘንብለትና አፈሩ ኮምጣጣ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ከፋ ውስጥ ዝናቡ ብዙ ወራት ይዘልቃል፤ የእኛው ግን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያልቃል፣ በልጉም አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። በኮምቦልቻ ግንቦት ላይ የሻይ ችግኝ ቢታይ የሚያዝንለት ነው የሚበዛው። እግረ መንገዴን፣ ጉዞውን በጥር ያሰበው ሰው ይህንንም ቢያስብበት መልካም ነው፤ በበጋ ቅጠሉ በዝግታ ስለሚያቆጠቁጥ ለቀማው ይቀንሳል። ሃያ ሰው ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም ቦንጋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚያየው የተኛ ቁጥቋጦ እንዳይሆን።

የጦሳ ልጅ፦
ተመስገን! ይኸው ሊቁ ራሱ ፈረደ።

መምህር ዘኮምቦልቻ፦
አልፈረድኩም። ክረምት ይሁን አልኩ።

የሐይቅ ዳር ሰው፦
እኔን ደግሞ የሚያስቀኝ፣ ቦንጋ ድረስ ሄዶ ስለ ሻይ ብቻ አውርቶ የሚመለስ የወሎ ሰው ነው። የከፋ ደን የቡና አገር ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው ከከበሩት ነገሮች አንዱ የጫካ ቡናው ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ቡና ስንጠጣ አድገን፣ ቡናው ደጃፍ ደርሰን ፊታችንን ወደ ሻይ እናዞራለን? ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ውስጥ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ቡናውን ሲፈጀው ነው ገበሬው ወደ ሻይ የዞረው፤ እኛ ምን ነካን?

ባለ ሻይ ቤቷ፦
ቡና ሌላ ጊዜ ይነሣ። እኔ ለመንገደኛው አንድ ቃል አለኝ። ማክሰኞ ከመንገድ እንደገባህ አቧራህን ሳታራግፍ እኔ ዘንድ ተቀምጠህ፣ ከውሽውሽ ያመጣህልኝን እሽግ ጠረጴዛው ላይ አኑረህ፣ ከእኔው ጀበና ሁለት ብርጭቆ ጠጥተሃል። ሁለተኛውን «እትዬ፣ ቅርንፉዱ ይብዛበት» ብለህ ነው ያስቀዳኸው። ያ ሻይ ነበር ወይስ ውሃ በቀለም?

መንገደኛው፦
እትዬ፣ ያመጣሁት እሽግ ተፈትቶ ነበር ወይስ የድሮው ነበር የተፈላው? ያ ሳይታወቅ መልስ አልሰጥም።

ባለ ሻይ ቤቷ፦
እኔም አልነግርህም። ሻይ የሚያውቅ ሰው በምላሱ ይለያል።

የጦሳ ልጅ፦
ይኸው የሞምባሳ ፈተና መጣ! መልስ።

መንገደኛው፦
ቅርንፉድ በዝቶበት ነበር እኮ።