ዓይን አፋር ፍሬሽ ተማሪ፦ ዶርሙም፣ ካፌውም፣ ፕረዘንቴሽኑም ከበደኝ

ጥያቄ፦ ፍሬሽ ናቹራል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የዘንድሮ ፍሬሽ (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ነኝ፤ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ)። በተመደብኩበት ግቢ የማውቀው ሰው የለም። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን፤ አራቱ የሚያወሩት በማልሰማው ቋንቋ ነው። ክላስ ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄ አይነሳም። ብቻዬን ካፌ መግባት እያስጨነቀኝ ራት የምዘልባቸው ቀናት አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ የግሩፕ ፕረዘንቴሽን አለብን፤ 10 ማርክ ይይዛል። «ዘና በይ፣ ተጫወቺ» የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁ። ምን እንደማደርግ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ሲኒየሯ

እህቴ፣ ወሬ መጀመር ከከበደሽ ወሬውን ተዪውና ሥራ ያዢ። በየሴክሽኑ ሠሪ የሚያጣ ሥራ አለ፤ ሃንድአውት (መምህሩ የሚያዘጋጀውን የትምህርት ጽሑፍ) ከመምህሩ ተቀብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ማድረስ። አንዱን ቅጂ እዚያ ትተዪና በሴክሽኑ ቴሌግራም ግሩፕ «የሎጂክ ቻፕተር 2 እንትና ኮፒ ቤት አለ፣ ገጹ ይሄን ያህል ነው» ብለሽ ትጽፊያለሽ። በማግስቱ ሰው ራሱ እየመጣ ያናግርሻል። የሚያናግርሽ ስለ ሃንድአውቱ ስለሆነ «ምን ልበል» ብለሽ አትጨነቂም። ብር ግን እንዳትሰበስቢ! እያንዳንዱ ለኮፒ ቤቱ ራሱ ይክፈል። ሒሳቡ የጎደለ ቀን ዓይን አፋር ሰው ከመጠየቅ ከኪሱ መሙላት ይቀለዋል።

ዶርም ውስጥ ቁልፍ፣ መብራትና ጽዳት ወር ሳይሞላ ይወሰኑ። ለስድስታችሁም ቁልፍ አስቀርጹ። ቁልፉ አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ በር ላይ ተገትራ የምትቀረው ደውላ «የት ናችሁ?» ማለት የምታፍረዋ ናት። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ተስማሙ፤ ከዚያ በኋላ ማጥናት የፈለገች ላይብረሪ ትሂድ። የጽዳቱን ተራ ስም በስም ጽፈሽ በሩ ጀርባ ለመለጠፍ አንቺ ቅደሚ። ወረቀቱን ካዘጋጀሽ ከአፍሽ የሚጠበቀው «ይሄ ይመቻችኋል?» ብቻ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ሲስቁ በአንቺ እየመሰለሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሰው ሲደክመው ወደ አፍ መፍቻው ይመለሳል። ሰላምታውን፣ «አመሰግናለሁ»ን፣ «ነይ እንብላ»ን እንዲያስተምሩሽ ጠይቂ። አራቱንም በአንዴ ለመቅረብ አትሞክሪ፤ ከአንቺ ጋር አንድ ሴክሽን ያለችውን አስቀድሚ።

መልስ፦ ቸካዩ (ጥናት የሚያበዛው)

ሲኒየሯ ካለችው ላይ አንድ ነገር አልስማማም። ዝምተኛ ሰው ሥራ ሲይዝ ሁሉም ይጭንበታል። ግሩፕ አሳይመንት ላይ ከፊት ገጹ ስድስት ስም ይኖራል፣ ሠሪው ግን አንድ ነው። ዲፓርትመንት የሚመደበው በውጤት ተወዳድሮ ስለሆነ ፍሬሽ ላይ የሰው ሸክም ተሸክመሽ የራስሽን ጥናት ካጣሽ የፈለግሽው ዲፓርትመንት ያመልጥሻል።

መጀመሪያ የተገናኛችሁ ቀን ክፍፍሉን ለግሩፑ በቴሌግራም ላኪ፤ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚሠራና መቼ እንደሚያስረክብ። የእናንተ ቀን ከመምህሩ ቀን ሦስት ቀን ይቅደም። በጽሑፍ ከሆነ ፊት ለፊት መከራከር አይኖርም። ያልላከውን አንዴ ብቻ አስታውሺ፤ ካልመለሰ የላካችሁት ተነጋግራችሁ ክፍሉን ለሌላ ስጡ። ታይፕ ማድረጉን ደግሞ እንዳትቀበዪ፤ ታይፒስቷ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የጎደለውን ሁሉ ጸሐፊ ትሆናለች።

መልስ፦ የእንግሊዝኛ መምህር

ፕረዘንቴሽኑ ላይ ላተኩር። በግሩፕ ሲሆን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ረጋ ብሎ ለሚናገር ከ300 እስከ 350 የእንግሊዝኛ ቃል መሆኑ ነው። ተማሪዎች ይህን ሁሉ በቃላቸው ይሸመድዱታል፤ ብልሽቱ የሚጀምረውም እዚያ ነው። አንዷ ቃል ስትጠፋ የቀረው ሁሉ ተከትሏት ይሄዳል። በቃልሽ የምትይዢው የመግቢያውን ሁለት ዓረፍተ ነገርና የመዝጊያውን አንድ ብቻ ይሁን። ለመሐሉ አምስት ቁልፍ ቃላት ካርድ ላይ በትልቁ ጻፊ። ካርዱ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል፣ እሱን ስታዪ ደግሞ ይብስብሻል።

ከግሩፑ መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ሁኚ። አራተኛ የሆነ ሰው ሌሎቹ እስኪጨርሱ በፍርሃት ይደክማል፤ መግቢያው ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ክፍል ነው።

ልምምዱ ቆመሽና ድምፅ አውጥተሽ ይሁን፤ በዓይን ማንበብ አይቆጠርም። ማታ ባዶ ክላስ ፈልጊና ሁለቴ ብቻሽን፣ አንዴ በስልክሽ ሰዓት እየያዝሽ፣ አንዴ ከነግሩፑ ተለማመጂ። አንድ ቃል ሁለቴ ካደናቀፈሽ በሌላ ቀይሪው። በዕለቱ ጠዋት ቡና ባይጠጣ ይመረጣል፤ ልብ ምት ይጨምራል።

እጅ ማውጣት ላይ፣ ዋዜማውን አንድ ጥያቄ ደብተርሽ ላይ ጻፊና ክላስ በተጀመረ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጠይቂው። በቆየሽ ቁጥር ይከብድሻል። እሱም ካልሆነ የመምህሩ የኮንሰልቴሽን ሰዓት ቢሮው በር ላይ ይለጠፋል። ስትሄጂ «አልገባኝም» ሳይሆን «ጥያቄ 4፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋብኝ» በዪ። እንዲህ ተለይቶ ለመጣ ጥያቄ መምህሩ ወዲያው መልስ ይሰጥሻል።

ጠያቂዋ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ ምን ላድርግ?

የእንግሊዝኛ መምህር

ድምፅ የሚንቀጠቀጠው ትንፋሽ ሲያጥር ነው። ከመነሳትሽ በፊት አራት እስክትቆጥሪ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ስድስት እስክትቆጥሪ ቀስ አድርገሽ አስወጪ፤ አምስት ጊዜ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ አጭር ይሁን፣ ድምፅሽም ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ይበል። ከጠፋብሽ ዝም በዪና ካርዱን እዪ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ለአንቺ እንጂ ለሰሚው ረጅም አይደለም።

መልስ፦ የተማሪዎች አማካሪ

ከጻፍሽው ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ራት መዝለሉ ነው። ፍርሃት በሸሹት ቁጥር ይሰፋል፤ ዛሬ ራት የዘለለ ነገ ቁርስም ሊዘል ይችላል። በደረጃ ሂጂበት። መጀመሪያ ከዶርም ልጅ ጋር ቁርስ፣ ቀጥሎ ብቻሽን ሰልፉ ጋብ ሲል (በጣም አትዘግዪ፣ ወጡ ያልቃል)፣ በመጨረሻ ብቻሽን በግርግሩ ሰዓት። የአንዱ ደረጃ ጭንቀት ወደ ግማሽ እስኪወርድ ደጋግሚው እንጂ ወደሚቀጥለው አትዝለዪ። ኢርፎን ሰክተሽ ስልክሽ ላይ ካቀረቀርሽ ልምምዱ ዋጋ የለውም፤ አእምሮሽ «ያዳነኝ ስልኩ ነው» ብሎ ይመዘግባል።

ክላስ መቅረት ከጀመርሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ካውንስሊንግ ቢሮ ሂጂ። በብዙ ግቢዎች ከክላሱ ቢያንስ 80 በመቶው ላይ ያልተገኘ ተማሪ ፋይናል አይቀመጥም። ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከዘለቀና ትምህርትሽን ካስተጓጎለ ዓይን አፋርነት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው። ገብተሽ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ እዚህ የጻፍሽውን ጥያቄ ከስልክሽ ማሳየት ይበቃል። የሥርዓተ ጾታ ቢሮውንም ጠይቂ፤ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያልና ሐሳብን በድፍረት የመግለጽ ሥልጠና ያዘጋጃል።

«ጫት ወሬ ያስጀምራል» የሚልሽ አይጠፋም። ለሰዓታት ያናግርሽ ይሆናል፤ ምርቃናው ሲበርድ ግን ድብርቱና እንቅልፍ ማጣቱ ይመጣል፣ በማግስቱ ክላስ ስትገቢ ጭንቀቱ ከቀድሞው ይብሳል።