«አላባማ ነሽ ወይስ ኦበርን?» በርሚንግሃም ለገባችው እህታችን

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አላባማ ክፍለ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከገባሁ 3 ወሬ ነው። ሥራ ቦታ ያገኘኝ ሁሉ «አላባማ ነሽ ወይስ ኦበርን?» ይለኛል። ስለ አሜሪካን ፉትቦላቸው ማውራት ሲጀምሩ ዝም ብዬ ምሳዬን እበላለሁ። ምኑን ይዤ ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን በሰላም ገባሽ እህቴ። እኔም ስመጣ የገጠመኝ ይኸው ነው። የጨዋታውን ሕግ ሁሉ አውቃለሁ ብለሽ አትድከሚ። አንዲት ሰከንድ እወቂ፣ ይበቃሻል።

አላባማና ኦበርን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ የእነሱ ግጥሚያ አይረን ቦውል ይባላል። ስሙ ከከተማሽ የብረት ኢንዱስትሪ የመጣ ነው። በክፍለ ግዛቱ ትልቅ የፕሮፌሽናል ቡድን ስለሌለ የሰው ልብ ያለው ዩኒቨርሲቲዎቹ ጋ ነው። የእኛን ጊዮርጊስና ቡና አስቢ፤ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ጎራ ለይተው የሚቀመጡበት ቤት አለ።

ቀኑ ኖቬምበር 30፣ 2013 ነው። ቦታው የኦበርን ሜዳ። አላባማ በደረጃ አንደኛ ነበር፤ በዓመቱ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። 28 ለ 28 እንዳሉ ሰዓቱ አለቀ ተባለ። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ግን «ጊዜ ይቀራል» ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ ቪዲዮውን አይተው 1 ሰከንድ መለሱለት።

በዚያች ሰከንድ ኳሷን በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ለማሳለፍ አዳም ግሪፊዝ የሚባል ወጣት መቺ ገባ። ርቀቱ 57 ያርድ ነው፣ ወደ 52 ሜትር። መታት፣ አጠረች። አሁን ይቺን ሕግ ያዢልኝ፦ እንዲህ ያጠረች ኳስ ከሜዳ ሳትወጣ ከተቀለበች፣ ተጋጣሚው ይዟት መሮጥ ይችላል። የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ ምሰሶው አካባቢ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቀለባትና በግራው መስመር ጥግ ጥጉን ተፈተለከ። አላባማዎች ለምቱ ያሰለፉት ግዙፎቹን ነው፤ መቺውን ለመከለል እንጂ ሯጭ ለማባረር የሚሆኑ አይደሉም። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በልቶት ገባ። 6 ነጥብ፤ 34 ለ 28። «ኪክ ሲክስ» ሲሉ ከሰማሽ ይቺ ናት።

እኔ የተማርኳት መጋዘን ስሠራ፣ ከአንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ነው። ምሳ ላይ ወረቀት ሶፍት ዘርግቶ ሜዳ አደረገው፤ የጨው ዕቃዋን ዴቪስ አደረጋት። ጨው ጠረጴዛው ላይ እየተበተነ በዳር በዳር ነዳት። ጠርዙ ላይ ስትደርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ ለእነሱ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

እኔን ግን ከሯጩ ይልቅ መቺው ያሳስበኛል። ግሪፊዝ እንደኛው መጤ ነው። ፖላንድ ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ ኖሮ፣ በ13 ዓመቱ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ቤተሰብ በማደጎ ወሰደው። ያን ምሽት ያጠረችበትን ኳስ አገር ምድሩ አየው። ልጁ ግን አልተወም። ጃንዋሪ 2016 ላይ አላባማ ለብሔራዊ ዋንጫ ከክሌምሰን ጋር 24 ለ 24 እያለ፣ ለተጋጣሚው ርቃ ትመታለች የተባለችውን ኳስ ማንም ሳይጠብቅ አጠር አድርጎ ወደ ላይ ላካት። የገዛ ቡድኑ ልጅ ቀለባት። አላባማ 45 ለ 40 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እኔ ይሄን ልጅ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

አንቺ ነገ ምሳ ላይ «ዴቪስ ሲሮጥ የት ነበራችሁ?» ብቻ በያቸው።

ምላሽ፦ ወንድም ጋሼ፣ ተባረክ። ጠየቅኳቸው። አንዷ እናቷ ቤት ነበረች፤ ከጩኸቱ የተነሳ ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ መጣ አለችኝ። ሌላው አላባማ ነው፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ መኪናው ውስጥ ብቻውን እንደተቀመጠ ነገረኝ። ስለ ግሪፊዝ ሳነሳለት ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ቪዲዮውን በስልኩ ሦስት ጊዜ አየነው። አሁን ቅዳሜ አብረሽን እይ ብለው ሁለቱም ጠርተውኛል። ዳቦ ልድፋ ወይስ ሳምቡሳ ይሻላል?